ከኪራይ ቤት ትልልቅ ዕቃን በትንሽ ወጪ ማስወጣት፦ ለሀዋሳ ተከራዮች

«ይሄን ሶፋ ምን ላድርገው?» ቤት የሚለቅ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይጠይቀኛል። አንዱ ከአቶቴ ይደውላል፣ አንዷ ከሞቢል፣ ሌላው ከዳቶ። ዕቃው ቡፌ ይሆናል፣ ያረጀ ቁም ሳጥን ይሆናል፣ አራት ሰው ካልያዘው የማይነሳ አልጋ ይሆናል። አብዛኛው ሰው የሚደውለው ቁልፍ ሊያስረክብ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ያኔ ብዙ መላ አይኖርም። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

ሀዋሳ ውስጥ አራት ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ለአንድ ቡፌ የመኪናም የጫኝም ከፈልኩ። አዲሱ ቤት ስንደርስ በበሩ አልገባ አለ። ግቢ ውስጥ አደረና ዝናብ መታው፤ ቺፑዱ ውሃ ጠጥቶ አበጠ። እሱኑ ለማስጣል እንደገና ከፈልኩ። ትልቅ ዕቃ ኪስ የሚጎዳው ሲዘገይና በሙሉ አካሉ ሲጓዝ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች እነዚህን ሁለቱን ለማስቀረት ናቸው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

• ሜትር። ከሌላችሁ ሲባጎ ለክታችሁ ቋጠሮ አስሩበት።
• ካቻቪቴ፣ ጠፍጣፋውም ባለ መስቀሉም።
• ፒንሳና መዶሻ። ምስማር መንቀያ ያለው መዶሻ ቢሆን ይመረጣል።
• የብሎን ቁልፍ። ለብረት አልጋ 13 ቁጥር ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ግን ብሎኑን አይታችሁ ከጎረቤት ወይም ከጋራዥ ተዋሱ።
• ወፍራም ጓንትና ጫማ። ነጠላ ጫማ አይሆንም።
• ገመድ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ሦስት ባዶ ማዳበሪያ።
• ስኮችና ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት፣ ለብሎኖቹ።
• ካሜራ ያለው ስልክ።

አንድም የሚገዛ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የሌላችሁን ከሰፈር አናጢ ለምኑ። አናጢው በኋላ ደግሞ ያስፈልጋችኋል፤ ከአሁኑ ብትተዋወቁ ጥሩ ነው።

1. ዕቃው የማን እንደሆነ አረጋግጡ

ይህንን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ቤቱ ውስጥ ስትገቡ የነበረ መደርደሪያ፣ ቀድሞ የነበረ ተከራይ ትቶት የሄደ አልጋ፣ አከራይ «ለጊዜው ተጠቀሙበት» ያሏችሁ ጠረጴዛ የእናንተ አይደለም። ብትሸጡት ከባድ ጠብ ነው። የኪራይ ውላችሁን አውጡና እዩ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከቤቱ ጋር የተሰጠ ዕቃ ውሉ ላይ ሰፍሮ እንደሆነ ተመልከቱ።

ከዚያ አከራያችሁን አናግሩ። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ «እትዬ፣ ቁም ሳጥኑን ልሸጠው ነው። ለቤቱ ከፈለጉት ግን ቅድሚያ ለእርስዎ ነው።» ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ድካም እንዳስቀረችልኝ! አከራይ ለቀጣዩ ተከራይ ብለው ሊገዙት ይችላሉ፤ ዕቃው ከቦታው ሳይነቃነቅ ነገሩ ያልቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ «ተወው፣ እዚያው ይሁን» ካሏችሁ በቃል አትለዩ። በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት ይሁን። አለበለዚያ በኋላ «ቆሻሻ ጥሎብኝ ሄደ» ተብሎ አከራዩ ከሚመልሱላችሁ ገንዘብ ላይ የማስወጫ ሊቀነስ ይችላል።

2. ከመልቀቂያው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ሦስት ሳምንት ስጡት። የመጀመሪያው ሳምንት ለሽያጭ፣ ሁለተኛው ዋጋ ቀንሶ ለመሸጥ ወይም ለመስጠት፣ ሦስተኛው ለመፍታትና ለማስወጣት። ለምን ሦስት? የቸኮለ ሻጭ ከድምፁ ይታወቃል። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ የመጀመሪያ ጥያቄው «መቼ ነው የምትለቁት?» ነው። «ከነገ ወዲያ» ካላችሁ ዋጋውን እሱ ቆረጠው።

ደመወዝ የሚወጣበትን ሰሞን ሽያጩ ውስጥ ለማስገባት ሞክሩ። ገዢው እጁ ላይ ገንዘብ ሲኖር ነው የሚወስነው።

3. እያንዳንዱን ዕቃ መርምሩና መድቡ

ሦስት ምድብ አለ፦ ሙሉውን የሚወሰድ፣ ተፈትቶ በየክፍሉ የሚሄድ፣ የሚጣል። ለመመደብ ከምን እንደተሠራ ማወቅ አለባችሁ።

መሳቢያውን አውጡና የጠረጴዛውን ወይም የቡፌውን ጠርዝ ከውስጥ በኩል እዩ። የእንጨቱ መስመር ከላይኛው ገጽ ወደ ጠርዙ ከቀጠለ እውነተኛ እንጨት ነው። ጠርዙ ላይ የተፈጨ እንጨት ተጠቅጥቆ ከታየ ቺፑድ ነው። እንደ ወፍራም ካርቶን ለስላሳና ወጥ ከሆነ ኤምዲኤፍ ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዋንዛ ወይም ጽድ ስንት ጊዜ ቢፈታ ተመልሶ ይገጠማል። ቺፑድ ግን አንዴ የተነቀለ ብሎን በዚያው ቀዳዳ ሲመለስ አይጨብጥም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ከተፈታ ጭራሽ ይላላል። ስለዚህ የቺፑድ ቡፌ ከነሙሉነቱ ገዢ እስኪያጣ ድረስ አትፍቱት። እንጨቱን ግን ሳትሰጉ ፍቱት።

ቀጥሎ ነቀዝና ምስጥ። እግሩ ሥር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር ካለ፣ ወይም በጣታችሁ ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ እንጨቱ ተበልቷል። ለማገዶ እንጂ ለሌላ አይሆንም።

ፍራሽና ሶፋ ከሆነ ትኋን ፈልጉ። የስልክ መብራት አብርታችሁ የስፌቱን መስመርና የአልጋውን መጋጠሚያ በደንብ እዩ። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ፣ የተገፈፈ ቆዳ ወይም ራሱ ተባዩ ከታየ ያንን ዕቃ ለማንም አትሽጡ፣ ለማንም አትስጡ። ትኋን ሳይበላ ወራት ይቆያል። የእናንተን ችግር ወደ ሌላ ቤት ማዛወር ነው የሚሆነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ መድኃኒት ለመግዛት አቅም ወደሌለው ቤት።

4. በሮቹን ለኩ

ዕቃውን በርዝመት፣ በስፋትና በከፍታ ለኩ። የክፍሉን በር፣ የደረጃውን መታጠፊያና የግቢውን በርም እንዲሁ። ቁጥሮቹን ጻፏቸው። ገዢ ስልክ ላይ «በሬ 80 ሳንቲ ነው፣ ይገባል?» ሲላችሁ ወዲያው ትመልሳላችሁ። መጥቶ አይቶ፣ ወስዶ፣ አልገባ ብሎት «መልሱልኝ» የሚል ገዢ የሚመጣው ሳይለካ ሲቀር ነው። ቡፌዬን ያበላሸውም ይኸው ነበር።

5. ሽጡ፤ ማንሻው የገዢው ይሁን

ፎቶ በቀን ብርሃን አንሱ። መስኮቱን ክፈቱ፣ በዕቃው ላይ የተከመረውን ልብስ አንሱ፣ አቧራውን ጥረጉ። አራት ፎቶ ይበቃል፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ከጀርባ፣ አንዱ ደግሞ የተበላሸውን ቦታ ቀረብ አድርጎ። ጉዳቱን ቀድሞ ያየ ገዢ ቤት መጥቶ በእሱ ሰበብ አይከራከርም።

ጽሑፉ እንዲህ ይሁን፦ «ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥን፣ ዋንዛ። ከፍታ 190፣ ስፋት 110 ሳንቲ። አንዱ መሳቢያ እጀታ የለውም። አቶቴ፣ ምድር ቤት። ማንሻ የገዢው ነው።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትልቁ ቁጠባ ናት። ዋጋውን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ የማንሻውን ወጪ ለገዢ ብትተዉት ብዙ ጊዜ ትርፉ የእናንተ ነው።

የት ይለጠፍ? የሀዋሳ የቴሌግራም መሸጫ ቡድኖች፣ ፌስቡክና ጅጂ የተባለው የኢንተርኔት መሸጫ አሉ። ግን መጀመሪያ ጎረቤት። ቡና ላይ ንገሩ፣ ለሱቁ ባለቤት ንገሩ፣ ሰፈሩን ለሚያውቅ የቤት ደላላ ንገሩ። ደላላው በየቀኑ ባዶ ቤት የሚገባ ሰው ያገኛል፤ ያ ሰው ደግሞ ዕቃ የለውም። ኮሚሽኑን ግን ቀድማችሁ ተስማሙ።

ማን ምን እንደሚፈልግ ካወቃችሁ ነገሩ ይቀላል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከተማው ውስጥ ተከራይተው ይኖራሉ፤ ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይጋራሉ። 3 በ 4 ለሆነች ክፍል ትልቅ ሶፋ አይገባም። ንጹሕ ፍራሽ፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ የብረት አልጋ ግን ወዲያው ይሄዳል። ሶፋና ቡፌ ለአዲስ ተጋቢና ለቢሮ ነው። የምግብ ጠረጴዛ አነስተኛ ምግብ ቤት ይወስደዋል፤ ዞር ብላችሁ ጠይቁ።

ቀብድ ላልከፈለ ሰው ዕቃ አትያዙ። «ነገ እመጣለሁ» ብሎ የጠፋ ስንት አለ! በእሱ ምክንያት ሌላውን መልሳችሁ ትቀራላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ክፍያን በስክሪንሾት አትመኑ። የተቀነባበረ ደረሰኝ አሳይቶ ዕቃ ጭኖ የሚሄድ አለ። ቴሌብር ከሆነ በ*127# ወይም በመተግበሪያው፣ ንግድ ባንክ ከሆነ በ*889# የራሳችሁን ሂሳብ አይታችሁ ነው ዕቃው ከግቢ የሚወጣው። ገዢ ሲመጣ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ጎረቤት ወይም ወንድም ይቁም። ከተቻለ ዕቃውን በረንዳ ላይ አውጡትና እዚያ ይታይ።

6. ያልተሸጠውን ስጡ

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ያልተሸጠ ዕቃ ዋጋው «ራሱ መጥቶ የሚያነሳ ሰው» ነው። ለዘበኛው፣ ለቤት ሠራተኛ፣ አዲስ ሥራ ጀምራ ክፍል ለተከራየች ልጅ ስጡ። ቤተ እምነቶችና የአረጋውያን መርጃዎችም የሚፈልጉት አለ፤ ግን ሳትደውሉ ጭናችሁ አትሂዱ። ካልተቀበሏችሁ የመልሱንም ትከፍላላችሁ።

የተሰበረውን ለድሃ ብሎ መስጠት አይገባም። እናንተ የማትተኙበትን ፍራሽ ለሰው አትስጡ።

7. የቀረውን ፍቱ

ትዕግሥት የሚፈልገው ይኼኛው ነው። ሙሉ ሶፋ መኪና ይፈልጋል፤ የተፈታ ሶፋ ግን በአንድ ጋሪ ይሄዳል። እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ የየራሱ ፈላጊ አለው።

ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱን መጋጠሚያ ፎቶ አንሱ። የሚወስደው ሰው መልሶ ሲገጥም ያስፈልገዋል። የየዕቃውን ብሎን ለብቻው በከረጢት አድርጉና በስኮች እዚያው ክፍል ላይ ለጥፉት። «አንድ ብሎን ጠፋ» ማለት ጥሩ አልጋ ተንጋዶ ቆመ ማለት ነው።

ሶፋ፦ ኤል ሶፋ ከሆነ ከሥሩ ገልብጡት። ሁለቱን ክፍል የያዘ ብረት ወይም ብሎን አለ፤ እሱን ስትፈቱ ለሁለት ይከፈላል። ቀጥሎ እግሮቹን በእጅ አዙራችሁ ንቀሉ። በዚህ ብቻ እስከ 10 ሳንቲ ሊቀንስ ይችላል፤ አንዳንዴ በበሩ ለመውጣት የጎደለችው ይህችው ናት። አሁንም ካልወጣ በጎኑ አቁሙት፣ ጀርባውን ቀድማችሁ አስገቡና እያጠማዘዛችሁ አውጡት።

ሶፋው የሚፈርስ ከሆነ ከሥር የተወጠረውን ጥቁር ጨርቅ ቅደዱ። ጨርቁን የያዙትን ጥቃቅን የሽቦ ምስማሮች በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ፈልቅቁና በፒንሳ ሳቡ። ይህ አሰልቺ ነው፤ ግን አትቸኩሉ፤ ወለል ላይ የቀረች አንዲት ሽቦ የልጅ እግር ታገኛለች። ከዚያ ጨርቅ፣ ስፖንጅ፣ ሞላ፣ እንጨት ለየብቻ ይወጣሉ። ስፖንጁን በማዳበሪያ አድርጉ።

ቁም ሳጥን፦ መሳቢያና መደርደሪያ ይውጣ። ከዚያ በሮቹ። አንድ ሰው በሩን ይደግፍ፣ ሌላው ማጠፊያውን ከታችኛው ጀምሮ ይፍታ። ከላይ ከጀመራችሁ በሩ በክብደቱ ወደ ፊት ይወድቅና የታችኛውን ማጠፊያ ይገነጥለዋል። ከጀርባ ያለው ስስ ኮምፔርሳቶ ተራ ሽፋን ይመስላል እንጂ ሳጥኑን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው። ሳጥኑ ቆሞ ሳለ ከነቀላችሁት ሁሉም በአንድ ጎን ተንጋዶ ይናዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሳጥኑን በፊቱ አስተኙ፣ ጀርባውን በመጨረሻ ንቀሉ።

መስታወት ካለው ከማእዘን ማእዘን በስኮች መስቀል ሠርታችሁ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። የሚጓዘው ቆሞ ነው። የተኛ መስታወት በጉድጓድ ላይ ሲነጥር መሃሉ ይሰበራል።

አልጋ፦ የብረት አልጋ ብሎን ከዛገ ትንሽ ዘይት ወይም ናፍጣ ጠብ አድርጋችሁ አንድ ሰዓት ተዉት። በኃይል ከታገላችሁት ጭንቅላቱ ይላጣል፤ ከዚያ የሚፈታው በግራይንደር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ክፍያ አለው።

ማስጠንቀቂያ፦ ምስማር ያለበትን እንጨት ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አታስቀምጡ። ንቀሉት፤ ካልወጣ በመዶሻ አጥፉት። የወጋው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የቴታነስ ክትባት ሊያስፈልገው ይችላል።

8. እያንዳንዱን ክፍል ለፈላጊው

ደህና ጣውላና ቋሚ እንጨት ለአናጢ። ወደ ሱቁ ከመውሰዳችሁ በፊት ፎቶ ልካችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ሰው ይልካል። ስፖንጁ ንጹሕ ከሆነ ሶፋ የሚያድሱና ትራስ የሚሠሩ ይወስዱታል። ሞላ፣ ብረት፣ ማጠፊያ፣ የአልጋ ቱቦ ለቁራሌው። ቁራሌው ብረት የሚገዛው በኪሎ ነው፤ ሚዛኑ ሲመዘን አጠገቡ ቁሙ፤ ሁለት ቁራሌው ጠይቃችሁ ለተሻለው ስጡ። የተበላ ወይም የተሰበረ ያልተቀባ እንጨት ለማገዶ ይሄዳል፤ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች በደስታ ይወስዱታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቺፑድ፣ ኤምዲኤፍና ቀለም የተቀባ እንጨት ለማገዶ አትስጡ። የተጣበቁበት ሙጫ ፎርማልዲሃይድ ያለበት ነው፤ አሮጌ ቀለም ደግሞ እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል። ጭሱን የምትተነፍሰው ምጣድ ፊት የቆመችው ሴት ናት። ስፖንጅ ደግሞ ጓሮም ቢሆን አይቃጠልም። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ አለ፤ ሁለቱም ሰው ይገድላሉ።

9. ማጓጓዣውን በልኩ ምረጡ

ለተፈታ ዕቃና ለቅርብ መንገድ የአህያ ጋሪ ይበቃል። ሀዋሳ አብዛኛው ሜዳ ስለሆነ ጋሪ ይመቻል። ጭነት የሚይዝ ባለ ሦስት እግር ለፍራሽ፣ ለጠረጴዛና ለአልጋ ቋሚ ጥሩ ነው። የሰው ባጃጅ ላይ ግን የቁም ሳጥን በር አታንጠልጥሉ፤ መታጠፊያ ላይ ሞተር ሳይክል ይመታል። አይሱዙ የሚያስፈልገው ሙሉ ቤት ሲነሳ ነው። ጎረቤትም የሚለቅ ካለ አንድ መኪና ተጋሩ።

ዋጋ ስትነጋገሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ተናገሩ። ስንት ዕቃ፣ ከየት ወደ የት፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ማን ያወጣል፣ ማን ያወርዳል። ባለፈው ከባለ ጋሪው ጋር እንዲህ ነበር የተነጋገርነው፦

«ወንድሜ፣ ጣውላና አንድ ፍራሽ ነው። እስከ አናጢው ድረስ። መጫኑንም ማውረዱንም ጨምረህ ስንት?»

«መጀመሪያ ልየው።»

አየው፣ ዋጋ ነገረኝ፣ ተስማማን። እዚያ ደርሰን አንድም ተጨማሪ ጥያቄ አልመጣም። ዕቃውን ሳያይ ዋጋ የሚናገር ሰው መንገድ ላይ ይጨምራል። ጫኝና አውራጅ ልጆችም እንዲሁ ናቸው። በየሰፈሩ ተደራጅተው ይሠራሉ። ዕቃው መኪና ላይ ከወጣ በኋላ «ስንት ነው?» ማለት ትልቁ ስህተት ነው፤ በዚያን ሰዓት አማራጭ የላችሁም።

ክረምት ላይ ጠዋት ጫኑ፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አይታመንም። ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ክብደቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ የሚወስደውም አይኖርም።

10. የመጨረሻውን ቅሪት

የሚቀረው ትኋን ያለበት ፍራሽ፣ ያበጠ ቺፑድና የተቀደደ ጨርቅ ነው። በየሳምንቱ በር የሚያንኳኩትን የደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር ልጆች ቀድማችሁ አናግሩ። መደበኛ ዙራቸው በማዳበሪያ ለተሞላ የቤት ቆሻሻ ነው፤ ለትልቅ ነገር ግን በስምምነት ይመጣሉ። ፍራሹን ቀዳችሁ፣ ጠቅልላችሁ፣ በገመድ አስራችሁ ስጡ። መጠኑ ሲያንስ ዋጋውም ያንሳል። ትኋን ያለበትን በላስቲክ ጠቅልሉና «ትኋን አለበት» ብላችሁ ጻፉበት፤ ሌላ ሰው አንስቶ ቤቱ እንዳያስገባው።

በሌሊት ቦይ ውስጥ ወይም ባዶ ቦታ ጥሎ መሄድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ያስቀጣል። ሀዋሳ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ቦዩ ሲዘጋ ጎርፉ ሰፈር ይገባል፤ ጎርፉ ይዞት የሄደው ደግሞ ወደ ሐይቁ ነው። ሀዋሳ ሐይቅ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባው እዚያው ይቀራል። ዓሣ የምንበላው ከዚያው ነው።

11. ክፍሉን አስረክቡ

ዕቃው የቆመበትን ቦታ ጥረጉ። ግድግዳ ላይ የቀረውን ምስማር ንቀሉ፣ ቀዳዳውን በጂፕሰም ድፈኑ፤ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። የሶፋ ሽቦ እንዳይቀር ወለሉን ማግኔት ካላችሁ በማግኔት፣ ከሌላችሁ በእርጥብ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አብሱ። ከዚያ የአራቱን ግድግዳ፣ የወለሉንና የበሩን ፎቶ አንሱ፣ ቀኑ እንዲታይ አድርጉ። አከራይ ባሉበት ክፍሉን አብራችሁ እዩ። ቁልፉ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው።